የአያቷን መቶ ብር ይዘን፣ ብሮድና ሃይ ማዕዘን ላይ

ልጄ አምስት ዓመቷ ሳለ አገር ቤት ወስደናት ነበር፤ የ2011 ዓ.ም. ክረምት ነው። ስንመለስ ቦሌ ላይ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ፈታ የቋጠረችውን መቶ ብር አወጣችና በልጄ መዳፍ ውስጥ አስጨበጠቻት። «ለከረሜላ» አለቻት። ያቺ ብር ኮሎምበስ ድረስ መጣች። ከረሜላ ግን አልተገዛባትም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከልደት ካርዶች ጋር በጫማ ካርቶን ውስጥ ተኛች።

አሁን ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ የራሷን ገንዘብ መቁጠር ጀምራለች። አንድ ቅዳሜ ባንክ ስሄድ አብራኝ መጣች፤ ተራችን ሲደርስ መቶ ብሯን አውጥታ በመስኮቱ አሳለፈችና በዶላር እንዲቀይሩላት ጠየቀች። ገንዘብ ከፋይዋ አገላብጣ አየችው። ከፊት በበሬ የሚያርሰው ገበሬ፣ ከኋላ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰው። «በጣም ያምራል፤ ግን እኛ ጋ አይሠራም» ብላ በፈገግታ መለሰችላት።

መኪና ውስጥ እንደገባን «አባዬ፣ ኢትዮጵያ ውስጥስ ይሠራል?» አለችኝ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። መስከረም 2013 ዓ.ም. ላይ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖቶች በአዲስ ተቀየሩ፤ ባለ 200 ብርም ያኔ መጣ። አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ያቺ ወረቀት ካርቶን ውስጥ እንደተኛች ጊዜዋ አለፈ። እኔ አውቅ ነበር፤ ለልጅ መንገሩ ስለከበደኝ ዝም ብዬ ከረምኩ።

«ታዲያ እማማ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?» አለች።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። እናቴ እሁድ እሁድ ስንደውልላት «ያቺን ብር ምን ገዛሽባት?» ማለት ትወዳለች። ልጄም «አስቀምጫታለሁ» ትላታለች። አሁን ግን የያዘችው የሞተ ብር መሆኑን አወቀች።

መልስ አልነበረኝም። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የድሮ የባንክ ኖት መሰብሰብ ስለጀመርኩ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ስለሞቱና ስላልሞቱ ብሮች የሚያወራ ማዕዘን አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ዳውንታውን ወረድኩ። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩባቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

የባንኮች የራሳቸው ገንዘብ

ከሞርስ ሮድና ከክሊቭላንድ አቬኑ አካባቢ ያለን ሰዎች ዳውንታውን የምንሄደው ለሥራ ወይም ለወረቀት ጉዳይ ነው፤ ለሽርሽር ብዙም አንሄድም። ብሮድ ስትሪትና ሃይ ስትሪት የሚገናኙበት ላይ ብትቆሙ ግን የከተማዋ መሃል እዚያ ነው። በማዕዘኑ ላይ የኦሃዮ ስቴት ሃውስ ትላልቅ ዓምዶቹን አሰልፎ ቆሟል። ግንባታው በ1839 ተጀምሮ ያለቀው በ1861 ነው። ድንጋዩ ከሳዮቶ ወንዝ ማዶ የተፈለጠ ሲሆን ሥራው ላይ እስረኞችም ደክመውበታል። ልጄ መጀመሪያ ያየችው ጣራውን ነው። «ጉልላቱ ጫፉ የት ሄደ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ክቡን ግንብ ከላይ ጠፍጣፋ አድርገው ትተውታል። መግቢያው ነጻ ነው፤ አስጎብኚም በነጻ አለ። ከምድር በታች ያለው መኪና ማቆሚያ ብቻ ያስከፍላል።

ደረጃው ላይ ተቀመጥንና በፕላስቲክ ያስቀመጥኩትን ኖት ከቦርሳዬ አወጣሁ። የስቴት ባንክ ኦፍ ኦሃዮ ባለ አምስት ዶላር ነው። ጀርባው ባዶ ነው፣ ምንም አልታተመበትም። ቁጥሩና ፊርማው በእጅ፣ በቀለም የተጻፈ ነው። «ይህን የሰጠው የአሜሪካ መንግሥት አይደለም፤ ባንክ ነው» አልኳት።

አላመነችኝም፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እስኪጀምር ድረስ የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ በአብዛኛው የወርቅና የብር ሳንቲም መምታት ነበር። የወረቀት ገንዘብ የሚያወጡት ባንኮች ናቸው። በ1860 ገደማ በአገሪቱ ውስጥ ወደ 1,500 የሚሆኑ ባንኮች ነበሩ፤ አብዛኞቹ የራሳቸውን ኖት ያሳትማሉ። የኖቱ ዓይነት በሺዎች የሚቆጠር ነበር። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ቃል ግን ተመሳሳይ ነው፤ ይህን ይዞ ለመጣ ሰው ሲጠየቅ ይከፈለዋል ይላል። ባንኩ ሄዳችሁ ወረቀቱን ስትሰጡ ሳንቲሙን ይቆጥርላችኋል።

ችግሩ ከባንኩ ስትርቁ ነው። የኮሎምበስ ባንክ አምስት ዶላር ኮሎምበስ ውስጥ አምስት ዶላር ነው። ኒው ዮርክ ስትደርሱ ግን ባለሱቁ «ይህን ባንክ አላውቀውም» ብሎ ይቀንስባችኋል፤ ወይም ጭራሹኑ አይቀበላችሁም። የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ መዝገብ ሌላ ሰፈር ሄዶ እንደማያገለግል ማለት ነው። ስለዚህ ነጋዴው የትኛው ባንክ ደህና እንደሆነ፣ የትኛው እንደወደቀ፣ የትኛው ኖት ፎርጅድ እንደሆነ የሚዘረዝር መጽሔት እየገዛ፣ ገንዘብ ሲቀበል እሱን ያገላብጥ ነበር።

«ባንኩ ቢጠፋስ?» አለች ልጄ።

«ወረቀቷ ትሞታለች።»

«እንደ እማማ ብር?»

«እንደ እሷ።»

እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ፣ ክሊቭላንድ አጠገብ ባለችው ከርትላንድ፣ በ1837 አንድ ተቋም ያለ ባንክ ፈቃድ ኖት ማውጣት ጀመረ። ዓመቱ ሳያልቅ ተዘጋ። ኖቱን የያዙ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የሚገርመው፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች ያቺኑ ወረቀት ብዙ ገንዘብ አውጥተው ይገዟታል፤ የሞርሞን እምነት መሥራች የጆሴፍ ስሚዝ ፊርማ ስላለባት። ያኔ ዳቦ ያልገዛች ወረቀት ማለት ነች።

ዋስና መያዣ

እኔ የያዝኳት ኖት ግን ሌላ ታሪክ አላት። በ1845 አልፍሬድ ኬሊ የተባለ የኮሎምበስ ሰው ያረቀቀው ሕግ ጸደቀና ስቴት ባንክ ኦፍ ኦሃዮ ተቋቋመ። ስሙ አንድ ባንክ ይመስላል እንጂ በየከተማው ያሉ ቅርንጫፎች ራሳቸውን የቻሉ፣ የየራሳቸው ባለቤት ያላቸው ባንኮች ነበሩ። ተቆጣጣሪው ቦርድ የሚቀመጠው ኮሎምበስ ነው። የተለየ ያደረጋቸው አንድ ደንብ ነው፤ አንዱ ቅርንጫፍ ቢወድቅ፣ ኖቱን ይዞ ለሚመጣ ሰው ሌሎቹ ይከፍላሉ። አስቀድመውም ለዚሁ የሚሆን ገንዘብ ያዋጣሉ።

ይህን ለልጄ ለማስረዳት ብዙ አልተቸገርኩም። እናቷ ዕቁብ አላት። ዕቁብ የወሰደ ሰው ዋስ እንደሚጠራ፣ ሰውየው ቢጠፋ ዋሱ እንደሚከፍል ቤታችን ውስጥ ሲወራ ሰምታለች። «እርስ በርሳቸው ዋስ ተጠራሩ ማለት ነው» አለች። በትክክል። የስቴት ባንክ ኦፍ ኦሃዮ ኖት የተከበረው ወረቀቱ ስለሚያምር አልነበረም፤ ዋስ ስለነበረው ነው።

ከዚያ ተነስተን በስቴት ሃውሱ ግቢ ወደሚገኘው ትልቅ ሐውልት ሄድን። ከላይ እጆቿን የዘረጋች ሴት ቆማለች፤ ከሥሯ ሰባት የኦሃዮ ሰዎች ዙሪያውን ቆመዋል። ስሙ «እነዚህ ጌጦቼ ናቸው» ማለት ነው፤ በ1893 ለቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ተሠርቶ ኋላ ወደዚህ መጣ። ከሰባቱ አንዱ ሳልመን ቼዝ ነው። ከ1856 እስከ 1860 የኦሃዮ ገዥ ነበር፤ ቀጥሎ የፕሬዚዳንት ሊንከን የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ።

ያን ሁሉ የተዘበራረቀ ገንዘብ ወደ አንድ መልክ እንዲመጣ የገፋው ይህ ሰው ነው። በ1863 በወጣው ሕግ መሠረት «ናሽናል ባንክ» የሆነ ባንክ የመንግሥት ቦንድ ገዝቶ ዋሽንግተን ያስይዛል። በምትኩ መልኩ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት የሆነ፣ የባንኩ ስምና ከተማ ግን የተጻፈበት ኖት ይሰጠዋል። ባንኩ ቢወድቅ መንግሥት ከመያዣው ይከፍላል። ከዋስ ወደ መያዣ ተሻገሩ ማለት ነው። በ1865 ደግሞ በሌሎቹ ባንኮች ኖት ላይ አሥር በመቶ ግብር ተጣለና የቀድሞዎቹ ኖቶች ቀስ በቀስ ከገበያ ወጡ። እኔ ቦርሳ ውስጥ ያለችውም ዘመኗ ያኔ አበቃ።

በነገራችን ላይ ቼዝ ባንክ የተሰየመው በዚሁ ሰው ነው። በ1877 ባንኩን የመሠረተው ጆን ቶምሰን ደግሞ ቀደም ብሎ ያንን የኖት መለያ መጽሔት ከሚያሳትሙት አንዱ ነበር። ፖላሪስ ያለው ግዙፍ የቼዝ ሕንፃ ውስጥ የምትሠሩ አንባብያን ካላችሁ፣ የመሥሪያ ቤታችሁ ስም ባለቤት ዳውንታውን ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ለልጆች አንድ ጨዋታ እነሆ። በ1902 ተከታታይ የወጡትን የናሽናል ባንክ ኖቶች ፎቶ ፈልጉ። በባለ 5 ላይ ቤንጃሚን ሃሪሰን፣ በባለ 10 ላይ ዊልያም ማኪንሊ፣ በባለ 50 ላይ ጆን ሸርማን አሉ። ሦስቱም የተወለዱት ኦሃዮ ነው። የማኪንሊ ሐውልት በስቴት ሃውሱ በሃይ ስትሪት በኩል ቆሟል፤ ኖቱ ላይ ካለው ፊት ጋር አስተያዩት።

የ17 ዓመቱ ተላላኪ

ሃይ ስትሪትን ተሻገርን። ከስቴት ሃውሱ ፊት ለፊት፣ ድሮ ኒል ሃውስ የሚባለው ሆቴል በነበረበት ቦታ፣ የሃንቲንግተን ሴንተር ሕንፃ ቆሟል። ብዙዎቻችን ስሙን የምናውቀው ከባንክ ካርዳችን ላይ ነው።

ፔላታያ ሃንቲንግተን የዚህ ከተማ ልጅ አልነበረም። በ1836 ኮኔቲከት ተወለደ፤ ኮሎምበስ የመጣው በ1853፣ በ17 ዓመቱ ገደማ ነው። ሥራ የጀመረው በዚያው በስቴት ባንክ ኦፍ ኦሃዮ የኮሎምበስ ቅርንጫፍ በተላላኪነት ነው። በ1866፣ የስቴት ባንኩ ዘመን ባበቃበት ዓመት፣ የራሱን ባንክ ከፈተ። በ1905 ባንኩ ናሽናል ባንክ ሆነና 7745 የሚል የፈቃድ ቁጥር ተሰጠው። በናሽናል ባንክ ኖት ላይ ይህ ቁጥር ከባንኩና ከከተማው ስም ጋር ይታተማል፤ ሰብሳቢዎች ኖት የሚፈልጉት በእሱ ነው።

ኖቶቹ ከዋሽንግተን የሚላኩት ብዙዎቹ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ እንደታተሙ ነበር። የባንኩ ፕሬዚዳንትና ካሼሩ ይፈርሙባቸውና በመቀስ ይቆረጣሉ። ለዚህ ነው የአንዳንዶቹ ጠርዝ የተንሻፈፈው። «አንድ ሰው ተቀምጦ ገንዘብ በመቀስ ይቆርጥ ነበር?» ብላ ልጄ ሳቀች።

በዚያው ዓመት፣ አዲስ አበባ

1905 የሚለውን ቁጥር ልብ በሉልኝ። ኮሎምበስ ላይ ሃንቲንግተን ናሽናል ባንክ በሆነበት በዚያው ዓመት አጤ ምኒልክ ለአቢሲንያ ባንክ የሃምሳ ዓመት ፈቃድ ሰጡ። ባንኩ በየካቲት 1898 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ጀመረ። ስሙ የእኛ ይሁን እንጂ የአክሲዮን ባንክ ነበር፤ የሚቆጣጠረውም በእንግሊዞች ካፒታል ይመራ የነበረው የግብፅ ናሽናል ባንክ ነው። ኖት የማውጣት መብትም ለእሱ ብቻ ተሰጠ። ዛሬ አቢሲንያ የሚባለው ባንክ ከ90 ዓመት በኋላ የተቋቋመ ሌላ ባንክ ነው።

በ1915 የመጀመሪያዎቹ ኖቶች ወጡ። የሚቀበላቸው ግን በአብዛኛው የአዲስ አበባ ነጋዴና የውጭ ዜጋ ነበር። ሌላው ሰው የሚያምነው ጠገራውን፣ የማርያ ትሬዛን ብር ነው። በእጁ መዝኖ፣ የንግሥቲቱን የጌጥ ፈርጥ ቆጥሮ፣ ትክክለኛ መሆኑን አረጋግጦ ይቀበላል። «ብር» ማለት እኮ ብረቱ ነው፤ ወረቀት ብር ነኝ ስትል ማን ያምናታል? ልክ የኒው ዮርኩ ባለሱቅ የኮሎምበሱን ኖት እንደጠረጠረው ነው። እምነቱ የመጣው ቀስ ብሎ፣ ባንኩ ሲጠየቅ መክፈሉ እየታየ ነው።

በ1931 አፄ ኃይለ ሥላሴ ለአክሲዮን ባለቤቶቹ ካሳ ከፍለው ባንኩን ወደ መንግሥት አዞሩት፤ የኢትዮጵያ ባንክ ተባለ። የግል ባንክ ኖት ታሪካችን እዚያ ላይ አበቃ። አሜሪካም ብዙ አልቆየችም፤ የናሽናል ባንኮች ኖት በ1935 ቆመ። እስከዚያ ድረስ ከ12,000 በላይ ባንኮች በስማቸው ኖት አውጥተዋል። የአቢሲንያ ባንክ ኖት ዛሬ የሚገኘው በጣም ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ውድ ነው፤ ቤታችሁ ውስጥ በአያቶቻችሁ ወረቀቶች መካከል ቢገኝ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የናሽናል ባንክ ኖት ባንኩ ከጠፋ መቶ ዓመት ቢሞላውም ዛሬም በላዩ የተጻፈውን ያህል ዶላር ነው። ባለ አሥሩ አሥር ዶላር ይገዛል፤ ሞኝ ካልሆነ ግን ማንም አይገዛበትም፤ ሰብሳቢ ብዙ እጥፍ ይከፍልበታልና። የእኛ አገር ኖት ግን በ1969 ዓ.ም. በደርግ ጊዜ፣ ከዚያም በ2013 ዓ.ም. ተቀይሯል፤ አሮጌውም ከአገልግሎት ወጥቷል። ያለፈው ቅየራ ሲደረግ መንግሥት የሰጠው ምክንያት ኮንትሮባንድንና ሕገ ወጥ የገንዘብ ዝውውርን መግታት፣ ከባንክ ውጪ የተከማቸውን ገንዘብም ወደ ባንክ መመለስ ነበር። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ያለች የሕፃን ልጅ ብር ይህን አልሰማችም።

መሰብሰብ ለምትፈልጉ

ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከ1863 በፊት ከወጡት የባንክ ኖቶች ብዙ የተረፉት በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገኛሉ። የናሽናል ባንክ ኖት ዋጋ የሚወሰነው በላዩ ባለው ቁጥር ሳይሆን በባንኩና በከተማው ነው፤ ትንሽ ከተማ፣ ትንሽ ባንክ ከሆነ ይወደዳል።

ቡናማ የሆነ፣ እንደ ብራና የሚንኮሻኮሽ ወረቀት ካያችሁ ተጠንቀቁ፤ ለመታሰቢያ የሚሸጥ ቅጂ ነው። የባንክ ኦፍ ዘ ዩናይትድ ስቴትስ ባለ 1,000 ዶላር ቁጥሩ 8894 ከሆነ ደግሞ ምንም አትጠራጠሩ፤ ቅጂ ነው። በሺዎች ታትሟል።

ኖት አይታጠብም፣ አይተኮስም፣ በፕላስተር አይጣበቅም፣ ላሚኔት አይደረግም። ለዚሁ በተሠራ ፕላስቲክ ውስጥ አስገብታችሁ ከፀሐይ አርቁት። ከማን እንዳገኛችሁት፣ የትና መቼ እንደሆነ በትንሽ ካርድ ላይ ጻፉና ከኋላው አኑሩ። በኖቱ ላይ ግን ምንም አትጻፉ። የቤተሰብ ገንዘብ ሲሆን ያቺ ካርድ ከኖቱ እኩል ነች፤ አሮጌ ብር ብዙ አለ፤ ማን ለማን እንደሰጠው የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

እሁድ

በማግስቱ እናቴ ጋ ደወልን። ሰላምታው አለቀና እንደተለመደው መጣች፤ «ያቺን ብር ምን ገዛሽባት?»

ልጄ አየችኝ። እኔ ምንም አላልኩም። «እማማ፣ አትሠራም። ገንዘቡ ተቀይሯል። እኔ ጋ እያለች ጊዜዋ አለፈ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ።

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። ቀጥላ ሳቀች። «ተቀይሯል እንጂ! እኔስ የራሴን ተሰልፌ አይደል የቀየርኩት?»

«ታውቂያለሽ? ታዲያ ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

«እኔ ልጄ፣ አንቺን ማስወራት ነው የፈለግኩት። ስሚኝ፣ እንዳትጥያት። ስትመጪ ይዘሻት ነይ፤ በአዲሱ እቀይርልሻለሁ። የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«እስከ መቼ ድረስ?»

«እስካለሁ ድረስ ነዋ!»

ስልኩ ሲዘጋ ልጄ ከጠረጴዛዬ አንድ ፕላስቲክና አንድ ነጭ ካርድ ወሰደች። መቶ ብሯን አስገባችና ካርዷ ላይ በአማርኛ፣ ፊደሉን እየጠየቀችኝ፣ ቀስ ብላ ጻፈች፤

«ከእማማ። ቦሌ፣ 2011 ዓ.ም.። ሲጠየቅ ይከፈላል።»